የተባረከው ስፖንጅ

ማክሰኞ ታኅሣሥ 12 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ መምሬ ሀብተ ሥላሴ የወንድሜን ስፖንጅ ባረኩት።

ወንድሜ ሙሉሃብት ከቼኮዝሎቫኪያ ተምሮ ላሊበላ ሲመለስ፣ እንደ ቆዳ የሳሱ ሦስት ቁራጮች ይዞ መጣ። ፕላስቲክና ጎማ ተደባልቆ በጨረር የተመታ ነው። «ጨረሩ ውስጡን ስላስተሳሰረው እሳት ላይ አይቀልጥም፤ ይነፋል» ይለን ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ ፋብሪካም «ነፍተህ ጭነት አስችለው፤ ወደ ውፍረቱ ከተመለሰ እንቀጥርሃለን» ብሎ ጽፎለታል። ሁለቱ ብረት ምጣድ ላይ አርረው ቀሩ። ሦስተኛው በዚያ ቀን ክብ ሆኖ አራት ጣት ያህል ተነፋለት። ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ሰፌድ ላይ አድርጎ ነጠላ አለበሰው። ሐሙስ በበቅሎ ጭነት ሥር አድርጎ ሙጃ ደርሶ ሊመለስ አስቧል።

የእናታችን የመነን የሚካኤል ማኅበር ተራም ያን ዕለት ነበር። መምሬ ጾመው ውለው ገቡና ነጠላውን ገልጠው ጸሎት ጀመሩ። ጸሎት የጀመረ ቄስ ማን ያቋርጣል? ሙሉሃብት ራሱን ይዞ ቆመ።

«አሜን» ስንል ቢላዋውን ጫኑበት። ስፖንጁ ጎድጎድ አለና ተመለሰ። ደግመው ጫኑት፤ ደግሞ ተመለሰ።

«መነን፣ ምን አብኩተሽበት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ መምሬ፣ ልጁን ይጠይቁት።»

«እሱ ለበቅሎ ነው መምሬ» አለ ሙሉሃብት።

«ለበቅሎ ዳቦ ጋገራችሁ? ያውም ከእኛ አስቀድማችሁ?»

«አይበላም፤ ጀርባዋ እንዳይላጥ ነው።»

«ታዲያ ስባርክ ምን ዘጋህ?»

«ጸሎት ላይ ነበሩ።»

መምሬ አሰቡ። «የተባረከ ነገር በቅሎ ላይ አይጫንም። በቃ።»

«እንግዲያ ሥራዬ ቀረ! ሌላ የለኝም፤ ጭነት ካልቻለ አይቀጥሩኝም።»

መምሬ ልጁን አዩት። ስፖንጁን አንስተው መደቡ ላይ አነጠፉና ተቀመጡበት።

«መቀመጥስ ይቻላል መምሬ?» አለ ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ ጋሻዬ።

«የባረከው ሰው ይችላል! ይልቅ እውነተኛውን ዳቦ አምጡ።»

በሉ፣ ጠጡ። ለመነሣት ባሰቡ ቁጥር ሙሉሃብት ሰዓቱን እያየ «ትንሽ ይቆዩልኝ» ይላል፤ እናቴ ጠላ ትቀዳለች። እስኪመሽ ተቀመጡ። ከተነሡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በማስመሪያ ለካው፤ ከውፍረቱ የጎደለው የጥፍር ጫፍ ያህል ነው። ዛሬ ቢኖር «ሁለት ሚሊሜትር በይ» ብሎ ያርመኝ ነበር።

ለፋብሪካው የላከውን ወረቀት እኔ ነኝ በጥሩ ጽሕፈት የገለበጥኩት። «የጭነቱ ዓይነት» በሚለው ላይ «አንድ ቄስ፣ ጠግበው» ይላል።

በመጋቢት ቀጠሩት። አሥራ ሦስት ዓመት ሠርቶ እዚያው አዲስ አበባ አረፈ።