ዝም ያሰኙት ደረጃ

በያጁ ያንን ደረጃ የጠላው ገና ሳይወጣበት ነው። ከስፌት ፋብሪካው ጀርባ፣ ከመሬት እስከ ሁለተኛው ፎቅ የተዘረጋ የብረት ደረጃ ነው፤ አንድ ሰው ሲረግጠው ከላይ እስከ ታች እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ልብስ ሰፊዎቹ ሴቶች ስለሚፈሩት የራሳቸውን መላ ዘይደዋል። አንዷ መሬት ሳትረግጥ ሌላዋ አትነሳም። "ወረድሽ?" ይባላል ከላይ፤ "ወርጃለሁ!" ይባላል ከታች። ስልሳ ሴት በዚህ ሥርዓት ወርዳ እስክታልቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ከስልሳዎቹ አንዷ የበያጁ ልጅ ናት፤ ሥራውንም ያገኘችለት እሷ ናት።

ባለፋብሪካውን ያቺ ግማሽ ሰዓት ታንገበግበው ነበር። "ምሳ ወጥተው እስኪመለሱ ማሽኖቼ ሥራ ፈተው ይቆማሉ" አለው። "መንቀጥቀጡን ብቻ አጥፋልኝ።"

በያጁ ሁለት ቀን ከሥሩ ተጋድሞ መረመረው። መንቀጥቀጡን ማጥፋት ቀላል ነበር፤ በጎንና በጎን መስቀለኛ አንግል ብረት ቢጨመር፣ ከእያንዳንዱ እርከን ሥር ላሜራ ቢበየድ ያልቃል። ያስፈራው ግን ሌላ ነው። ደረጃውን ከግድግዳው ጋር የያዙትን ብሎኖች በመዶሻ መታ መታ አደረጋቸው። ጤነኛ ብሎን ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ከስምንቱ አምስቱ ግን የታፈነ ድምፅ ሰጡ፣ ቀይ ዝገትም ከሲሚንቶ ዱቄት ጋር መዳፉ ላይ ረገፈ።

"ጌታዬ፣ ብሎኖቹ በስብሰዋል። ግድግዳው ተፈልፍሎ እንደገና መታሰር አለበት። አሥር ቀን ይዘጋ።"

"አሥር ቀን ሙሉ በመስኮት ሊገቡልኝ ነው? አሥራ አንድ ዓመት የቆመ ደረጃ እኮ ነው! ብሎኑን ሌላ ጊዜ እናየዋለን። አንተ የተጠራህበትን ብቻ ሥራ።"

እምቢ ማለት ይችል ነበር። እቃውን ሰብስቦ መሄድ ይችል ነበር። ግን ልጁ "አባቴ ያስተካክለዋል" ብላ ለጓደኞቿ አፏን ሞልታ ተናግራለች፤ ሰው ደግሞ በልጁ ፊት ማነስ አይወድም። በየደው። በበሰበሱት ብሎኖች ላይም ሁለት ኩንታል የሚሆን ብረት ጨመረባቸው።

ደረጃው እንደ ድንጋይ ጸጥ አለ። ሴቶቹ ጉድ አሉ። "እጅዎ ይባረክ ጋሼ!" እያሉ ሦስት ሦስት ሆነው፣ ተቃቅፈው፣ እየተሳሳቁ መውረድ ጀመሩ። "ወረድሽ?" የሚል ቀረ።

እሁድ ቤት ምሳ ላይ በያጁ ወደ ልጁ ዞረ። "እናቴ፣ ያንን ደረጃ አንድ አንድ እየሆናችሁ ብትወርዱ ጥሩ ነው። እንደ ድሮው።"

"አባዬ! የገዛ ሥራህን አታምነውም እንዴ?" ብላ ልጁ ሳቀች። ሚስቱም ሳህን እያነሳች ሳቀች።

"ለጥንቃቄ ብዬ ነው እንጂ" አለና እሱም አብሮ ሳቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህ ሰው የደበቀው ግን የራሱን በሽታ አልነበረም።

ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣ። ባለፋብሪካውን ሁለት ጊዜ ለመነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። በመጨረሻ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ የብረት መቁረጫውን ይዞ ሄደና የገዛ ሥራውን መቁረጥ ጀመረ። ያሰበው እንዲህ ነው፦ ደረጃው እንደገና ይንቀጥቀጥ፣ ሴቶቹም እንደገና ይፍሩት፤ እኔ ያላዳንኳቸውን ፍርሃታቸው ያድናቸዋል።

ሁለት መስቀለኛ ብረት እንደቆረጠ የፋብሪካው ዘበኞች ደረሱበት። አንገቱን ይዘው ከግድግዳው ጋር ሲያጣብቁት፣ በሙሉ ድምፁ ጮኸ። "አትውረዱ! ማንም እንዳይወርድ!"

ላይ ቤት ማሽን ይጮሃል፤ ቃሉ አልተሰማም። የተሰማው የሚጮህ ሰው ድምፅ ብቻ ነው። በሩ ተከፈተ። ከፊት የወጣችው ልጁ ነበረች። "ልቀቁት! አባቴ ነው!" እያለች ሮጣ ወረደች፤ ጓደኞቿም ሊያግዟት ከኋላዋ ግር ብለው ተከተሏት። ደረጃው በሰው ሞላ።

አልተንቀጠቀጠም። ከላይ በኩል ከግድግዳው ተነቀለና ወደቀ።

ሰባት ሴቶች ሞቱ። ልጁ መሬት ለመርገጥ ሦስት እርከን ሲቀራት ነው ብረቱ የተጫናት።

ከቀብር በኋላ ለቀስተኛው ሲበተን ሚስቱ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እንባዋ ደርቆ ነበር።

"ብሎኑ መበስበሱን ታውቅ ነበር አሉ።"

"አውቅ ነበር።"

"ያን እሁድ፣ አንድ አንድ ሆናችሁ ውረዱ ስትላት?"

"አውቅ ነበር።"

"እና ለምን አልነገርካትም? ብትነግራት እኮ እግሯንም አታነሳበት ነበር። አንተን ታምንህ ነበር እኮ!"

በያጁ መሬት መሬቱን አየ። እውነቱን መናገር ቢመርም ከዚህ በኋላ የሚደብቅለት ሰው አልነበረውም።

"እንዳታፍርብኝ ብዬ" አላት።