የሊብራዶ የመጨረሻ ቁርስ

«እማማ፣ ያን እሑድ ምን በልቶ ነበር?»

የእማማ ኩካ ምራት አምፓሮ የሎሚ ቅርጫት ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ባሏ ሊብራዶ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎን ውስጥ፣ ሬሳው አርፎበት ከነበረው ወለል ላይ፣ በኖራ የተሠራው መስቀል በአበባ ተከቦ ተኝቷል። እስከ ዘጠነኛው ቀን ማንም አይነካውም፤ ያን ቀን በጸሎት ይነሣል።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? ጸሎት ላይ ነበርኩ» አሉ እማማ ኩካ፣ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው እየፈለጉ። መቁጠሪያው አንገታቸው ላይ ነበር።

«ሐኪሙ ስለጠየቀኝ ነው። አላውቅም አልኩት። ሚስቱ ሆኜ አላውቅም አልኩት!»

ጎረቤቱ በየቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣል፤ አንዱ ስኳር፣ አንዱ ባቄላ፣ አንዱ ሻማ ይዞ። ጸሎቱን የምትመራው ቴንቻ ናት፤ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት፣ ምላሷ ቃሪያ፣ ልቧ ግን ቅቤ። ጸሎቱ አልቆ ትኩስ የበቆሎ አጥሚት ሲታደል ሹክሹክታው ይጀመራል።

«በዘጠነኛው ቀን ካርኒታስ አለ አይደል?» አለ በሞራ የሚበስለው የአሳማ ሥጋ ያማረው አንድ ሽማግሌ።

«አንተ የምታለቅሰው ለሟቹ ነው ወይስ ለሰታቴው?» አለችው ቴንቻ።

«ለሁለቱም። እንደሱ አድርጎ የአሳማ ሥጋ የሚያበስል ከእንግዲህ የት ይገኛል?»

«ሊብራዶ ይሄኔ ሰማይ ቤት ቅዱስ ጴጥሮስን እያወፈረው ነው። የበሩን ቁልፍ በአንድ ጎድን አስለውጦት ይሆናል።»

ሰው ሳቀ። እማማ ኩካም ሊስቁ ከንፈራቸውን ከፈት አደረጉና አምፓሮን ሲያዩ መልሰው ዘጉት።

ሊብራዶ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ማልዶ እየተነሣ ሰታቴውን በሎሚና በጨው ይፈትገው ነበር። ሰታቴው በአንጥረኞቿ የታወቀችው የሳንታ ክላራ ከተማ መዳብ ነው። መዳብ ካልተፈተገ ሥጋውን ይመርዛል፤ ይህን በአገሩ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ከዚያ ሞራውን ያቀልጣል። አጥንት ያለውን ሥጋ መጀመሪያ፣ ለስላሳውን ኋላ ይጨምርና የአሳማውን ቆዳ ከላይ እንደ ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ብርቱካን ይጨምቅበታል፤ ልጣጩንም አይጥልም፣ እዚያው ይከተዋል። የቀረው መጠበቅ ነው። «እሳት እንደ አማት ነው፤ ካቻኮሉት ይቆጣል» ይልና እናቱን በጎን ያያል። መንደሩ በሙሉ ሳህኑን ይዞ ግቢው በር ላይ ይሰለፋል።

ባለፈው ዓመት ግን ሐኪሙ የልቡን ፎቶ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ስብ የለም፣ ጨው የለም፣ ቆዳማ በአጠገቡም እንዳያልፍ! ከዚያን ቀን ጀምሮ አምፓሮ ወታደር ሆነች። ጠዋት የተቀቀለ ዱባ፣ ማታ የተቀቀለ ዱባ። ለመንደር ሥጋ የሚያበስለው ሰው የራሱን ሥጋ ጨው እንኳ መቅመስ ተከለከለ። የሚቀምሱለት እናቱ ሆኑ። «እንዴት ነው፣ እማ?» ይላል አፍ አፋቸውን እያየ። የወለዱት ልጅ አፍ አፍ እያየ እንዴት ይዋጣል?

በስምንተኛው ቀን እማማ ኩካ ጓሮ የተሰጣውን አንሶላ ሊሰበስቡ ወጡ። ከአንሶላው ማዶ አምፓሮና ቴንቻ ሳህን ያጥባሉ።

«ተጣልተን ነበር» ትላለች አምፓሮ። «ዱባውን ገፋው። እኔም ሳህኑን አነሣሁና ‹እንግዲያው ጦምህን ዋል፤ ብትሞትም የራስህ ጉዳይ› አልኩት። በባዶ ሆዱ ሄዶ እሳት ላይ ቆመ፣ ቴንቻ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ዝም በይ አንቺ! ሰው ቁርስ በመዝለል ቢሞት ኖሮ የኔ ባል አሥር ጊዜ በተቀበረ።»

«አትቀልጂ።»

«እሺ፣ የኔ እመቤት። አልቀልድም።»

«እኅቴ ልጅሽን ይዘሽ ሞሬሊያ ከተማ ነይ ትለኛለች። ግን እማማን ለማን ትቼ? አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። እኔ ልጃቸውን ገድዬ፣ እሳቸው እኔን ያጽናናሉ!»

እማማ ኩካ አንሶላውን አፋቸው ላይ ጫኑት።

በባዶ ሆዱ አልነበረም። ያን እሑድ ቆዳው ከሰታቴው ሲወጣ፣ እንደ ልማዱ ጨው ሊያስቀምሳቸው ወደ ማድ ቤታቸው ገባ። አርባ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ከንፈሩን ጥሏል።

«ቁርስ በልተሃል?»

«ዱባም ቁርስ ከሆነ፣ አልበላሁም።»

በሩን ገርበብ አደረጉት። ቆዳውን በትኩስ የበቆሎ ቂጣ ጠቅልለው «ብላ፣ ማንም አያይህም» አሉት። አንዱን በላ። ሁለተኛውን ሰጡት። ሦስተኛውን ራሱ ጠየቀ። ስቡ አገጩ ላይ እየወረደ ሳቀ፤ ያን ሳቅ ከሰሙት ዓመት አልፏቸው ነበር። ሰዓት ሳይሞላ በሰታቴውና በግቢው በር መካከል ወደቀ።

ቆዳው ይሁን፣ ጠቡ ይሁን፣ ልቡ ድሮውንም አልቆለት ይሁን፣ ማን ያውቃል? እሳቸው የሚያውቁት ከተናገሩ አምፓሮ ኢትሲን ይዛ እንደምትሄድ ነው። ያቺን ሰባት ዓመት ያልደፈነች የልጅ ልጃቸውን! ማን ፀጉሯን ይጎነጉናል? ያ ጠመዝማዛ መንገድስ፣ የከተማው መኪናስ? ሳል የጀመራት እንደሆነ ማን ደረቷን ያሽላታል? ካልተናገሩ ደግሞ ይህች ምስኪን ዕድሜ ልኳን ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብላ ትኖራለች።

በዘጠነኛው ቀን ሰታቴውን ራሳቸው ፈተጉ።

«እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ? ሰው እንቅጠር» አለች አምፓሮ።

«የልጄን ተዝካር ቅጥረኛ አያበስለውም።»

ከሰዓት በኋላ ሥጋው መቅላት ጀመረ። በዚህ ሰዓት ማማሰያው ለቅጽበት አይቆምም፤ ከቆመ ሥሩ ያራል፣ ያረረው ደግሞ ሰታቴውን ሙሉ ያመርረዋል። አምፓሮ ቆዳውን የምታወጣበት ትሪ ይዛ መጣች። ኢትሲ ግቢው ጥግ ለመስቀሉ አበባ ትቀነጥባለች።

«አምፓሮ።»

«አቤት፣ እማማ።»

«በባዶ ሆዱ አልነበረም።»

አምፓሮ ትሪውን እንደያዘች ቀረች።

«እኔ አብልቼዋለሁ። ቆዳ፣ በቂጣ ጠቅልዬ። አንቺ አይደለሽም፣ ልጄ። እጅ ካለበትም የኔ እጅ ነው። ይሄን ሁሉ ቀን የዋሸሁሽ ኢትሲን ይዘሽብኝ እንዳትሄጂ ፈርቼ ነው።»

ሞራው ይንጨረጨራል።

«ስንት?» አለች አምፓሮ።

«ሦስት።»

«ደስ ብሎት ነበር?»

«ስቆ ነበር።»

«ዓመት ሙሉ ዱባ አበላሁት» አለች፣ በቀስታ። «ዓመት ሙሉ ፊቱን አጠቆረብኝ። ለእርስዎ ግን ሳቀልዎ።»

ትሪውን አስቀመጠች። ሽርጧን ፈታች፤ አራት ቦታ አጥፋ፣ እንደ ውሰት ዕቃ እማማ ኩካ አጠገብ ያለው ዱካ ላይ አኖረችው።

«ልጄ፣ መስቀሉ ሳይነሣ? ሰው ምን ይላል? ሰውስ ይቅር፣ ስደቢኝ! አንድ ቃል ተናገሪኝ!»

«እማዬ፣ ወዴት ነው?» አለች ኢትሲ ከአበባው ቀና ብላ። አምፓሮ የልጅቷን ራስ በመዳፏ ነካ አድርጋ አለፈች። ቴንቻ ሁለት ወንበር ተሸክማ እየገባች ነበርና ገለል አለችላት። እማማ ኩካ ማማሰያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዞራሉ፣ ያዞራሉ፤ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። አምፓሮ ጥቁር ሻሏን እስከ ግንባሯ ሳበችና፣ ዞር ብላ ሳታይ፣ ልጅቷን እንኳ ሳትይዝ ከግቢው ወጣች።