ወደ ላይ

ለነርስ ተማሪዎች ስለ ሰውነት ክፍሎች ስታስተምር ሃያ ዓመት ሆኗታል። በየዓመቱ በመጀመሪያው ቀን የምትለው አንድ ነው፤ ሰው ቢተኛም ቢዘቀዘቅም ለእኛ እንደቆመ ነው የሚቆጠረው። ላይ ማለት ወደ ራስ፣ ታች ማለት ወደ እግር ነው፤ ጣሪያና ወለሉን እርሱት ትላቸዋለች። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ ፈተና ላይ ግን ግማሾቹ ይሳሳታሉ።

አባቷ ግንበኛ ነበሩ። አከርካሪያቸው ውስጥ የበቀለው እባጭ እግራቸውን ካደነዘዘው ወዲህ ሳሎን ውስጥ አልጋ ተዘርግቶላቸው ተኝተዋል። እሷ ጠዋት ጠዋት በመርፌ ጫፍ ከእግራቸው ጀምራ ወደ ራሳቸው እየነካካች፣ መርፌው የተሰማቸው ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ታሰምራለች። መጀመሪያ መስመሩ ጉልበታቸው ላይ ነበር። ከዚያ ብሽሽት፣ ከዚያ እምብርት ደረሰ። አንገት ሲደርስ ትንፋሽ እንደሚቆም አሳምራ ታውቃለች።

አንድ ቀን ሐኪሙ መጥቶ አያቸውና ለእሷ፣ "ወደ ላይ እየሄደ ነው" አላት። ባለሙያ ሲባል እንዲህ ነው፤ ታማሚው ጆሮ እንዳለው ይረሳል። የሽማግሌው ፊት ግን በራ። ዕድሜ ልካቸውን ወደ ላይ ሲሄድ ያዩት ግድግዳ ነው፤ ወደ ላይ የሄደ ሥራ ደግሞ የቀና ሥራ ነው። ሊጠይቃቸው ለመጣ ሁሉ ይህንኑ አወሩ። የግንብ ረድፍ መጥመም አለመጥመሙን የሚያዩበትን ውኃ ልካቸውን አስመጥተው ትራሳቸው ሥር አኖሩ።

ስንቱን ተማሪ በቀይ ያረመች ሴት አባቷን ማረም አቃታት። አዎ አባባ፣ ወደ ላይ ነው አለቻቸው። ውሸት እንኳ አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ዛሬ ጠዋት መርፌው ጡታቸውን አልፎ እስኪሄድ ዝም አሉ። አሰመረች። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ልጄ፣ ጣሪያ ለመምታት ስንት ቀረው?" አሏት።

መርፌውን አስቀመጠች። ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ ጠየቀቻቸው። ከእምብርቴ ጀምሮ፤ አንቺ የተጽናናሽ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት አሏት። እንባዋ መጣ። ከመስመሩ እስከ አንገታቸው ሥር በጣቷ ለካች።

"አራት ጣት።"

"አንድ የብሎኬት ረድፍም አይሞላም።" ውኃ ልኩን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጧት። "በይ መስመርሽ ጠሟል። የመጨረሻው ረድፍ ሲጠም ያስነውራል።"

የጠመመውን መስመር በጥጥ አጠፋችና ውኃ ልኩን ደረታቸው ላይ አጋድማ እንደገና አሰመረች።