ሌላውን ሲቆጣጠር የኖረው ሰውዬና ጭንብሉ

ዮ ጂንሹን በኪሉንግ ከተማ የምግብ ቤቶችን ንጽሕና ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በደጉ ጊዜ የድስት ቂጥ በጣቱ እየፈተገ ሲያሸት አብሳዮቹን ላብ ያጠምቃቸው ነበር።

ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ እየተቋረጠ ስላስቸገረው፣ ጭንብል አጥልቆ አየር በሚነፋለት መሣሪያ መተኛት ከጀመረ ከረም ብሏል። ዘንድሮ ዝናቡ ሲበረታ ታዲያ ሳል ያዘው፤ ጧት ጧት እንደ አሮጌ ጀልባ ሞተር ይንተፋተፍ ጀመር።

«ድመትሽ ናት!» አላት ሚስቱን ቢዩንን። «ጸጉሯ ሳንባዬን ሞላው።»

«ድመቷ እኮ ከመሣሪያህ ቀድማ ነው እዚህ ቤት የገባችው።»

ማን ሰምቷት! ድመቷ የቢዩን እህት ቤት ተሰደደች። ሳሉ ግን ባሰ። አሁን ደግሞ ከፎቁ ሥር ዓሣ የሚጠብሰውን አሊያንግን፣ «በጭስህ ጨረስከኝ!» ብሎ ሰው ፊት አዋረደው።

በመጨረሻ ሐኪሙ መሣሪያውን እንዲያመጣ አዘዘው። ነርሷ፣ ሲስተር ጩ፣ የሚነፋውን አየር የሚያረጥበውን የውሃ መያዣ ከፈተችው። ውስጡ ዝልግልግ ያለ ሮዝ አተላ ይዟል፤ የአየር ማጣሪያው ጥላሸት መስሏል።

«አባባ፣ ይሄን በምንድን ነው የሚያጥቡት?»

«ውስጡ ያለው ውሃ አይደል እንዴ?» አለ ዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ውሃ ደግሞ ይታጠባል?»

ሲስተር ጩ ሳቋን ለመደበቅ ዘወር አለች። ቢዩን ግን አልደበቀችም። «በል እሸገዋ! ወጥ ቤት ቢሆን ታሽገው አልነበር?»

«በሩ አፍንጫዬ ሆነብኝ እንጂ አሽገው ነበር» አለ፤ ራሱም እያሳለ ሳቀ።

ሲስተር ጩ ማጣሪያውን ቀየረችለትና ነገረችው፦ ውሃውን በየጧቱ ደፍቶ መያዣውንና ጭንብሉን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ ቱቦውን በየሳምንቱ፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ማድረቅ። ዮ ግን፣ «ለስላሳ ሳሙና ለሕፃን ነው» ብሎ ሁሉንም ውሃ ባልነካው ኮምጣጤ ዘፈዘፈው። ሳያለቀልቀው አጥልቆ ከምሳ በኋላ ጋደም ቢል መሣሪያው ኮምጣጤውን ፊቱ ላይ ነፋበት። እንባው እየወረደ ተነሣ።

«ደግ አደረገህ! ሰላጣ ሆነህ ተነሣህ» አለች ቢዩን።

ከዚያ ወዲያ እንደተነገረው አጠበ። ሳሉም እያደር ለቀቀው። ድመቷን ሊያመጣ ቢሄድ ቁም ሣጥን ሥር ገብታ አልወጣም አለች፤ የስንቱን ወጥ ቤት በር ያዘጋ ሰው በሆዱ ተኝቶ፣ «እባክሽ እመቤቴ» እያለ ለመናት።

ከሁሉ የከበደው የአሊያንግ ጉዳይ ነበር። ዮ መጥበሻው አጠገብ ቆሞ ስለ አተላውም ስለ ኮምጣጤውም ምንም ሳያስቀር ነገረው። «ጭስህ ንጹሕ ነው። ቆሻሻው እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ።»

አሊያንግ አልሳቀም። ግራ ቀኙን አየና ጠጋ አለው። «ጋሼ፣ እኔም ቤት ያው መሣሪያ አለኝ። ከገዛሁት ጀምሮ ከፍቼው አላውቅም።»

«ይሸታል?»

«ፈርቼ አሽትቼው አላውቅም።»

«በል እሳቱን አጥፋ» አለ ዮ እጅጌውን እየሰበሰበ፤ «አብረን እንፍራ።»