እጅ ነሺው ቀና ሲል

ፀጉር አስተካካዩ በዚህ ዓለም የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የአማቱ ሪዝ፣ ሌላው የሞተር ሳይክሉ የፊት ጎማ። ሪዙን የሚፈራው አንድ ጊዜ ስላጠፋው ነው። ጎማውን የሚፈራው ደግሞ አንድ ቀን እሱን ሊያጠፋው ስለሚችል ነው።

ሞተሩ ከእነዚያ ረጃጅም፣ ዝቅ ካሉና ነጂያቸውን ሶፋ ላይ የተንፈላሰሰ ከሚያስመስሉት ወገን ነው። ክሩዘር ይሉታል። አካሄዱ የጌታ ነው፤ የፊት ጎማው ግን ወፍራምና አጭር ስለሆነ ጉድጓድ ባየ ቁጥር አፍንጫውን ቀብሮ ይነሳል። የሰፈሩ መንገድ ደግሞ ከጉድጓድ የተረፈው ነው አስፋልት የሚባለው። ሰው ይህን አይቶ ሞተሩን "እጅ ነሺው" አለው። ከሩቅ ሲመጣ ካዩት፣ "ተነሱ እንጂ! ጎንበስ እያለ ሲመጣ ዝም ትላላችሁ?" ይባባላሉ።

የሪዙ ነገር እንዲህ ነው። በሠርጉ ዕለት ጧት አማቱ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት በቶርኖ ማሽን ሲቀርጹ የኖሩ ሰው፣ "ልጄን የሚወስደው እጅ ምን እንደሚችል ልየው" ብለው የፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሪዙ ከሚስታቸውም በፊት አብሯቸው የነበረ፣ እሳቸውን ቀድሞ በር የሚገባ ሪዝ ነው። ሙሽራው መቀሱን አነሳ። ቀኙን ትንሽ ነካ አደረገው፤ ግራው በለጠ። ግራውን ነካ አደረገው፤ ቀኙ በለጠ። እንዲህ ለሁለቱም ወገን ፍትሕ ሲያደላድል፣ ሲያደላድል፣ በመጨረሻ እኩል ሆኑ፤ ሁለቱም አልነበሩም። በሠርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ አባትየው በነጭ መሐረብ አፋቸውን ይዘዋል። እንግዳው ምስጢሩን ስላላወቀ፣ "አይ አባት! ቢወዳት ነው እንዲህ የሚያለቅስ" እያለ አብሯቸው ተነፋረቀ።

ከዚያ ወዲህ ሪዙ ተመልሶ በቅሏል። ለአማችየው የሚሆን ቃል ግን አልበቀለም። ሚስቱ አባቷን ልትጠይቅ በሄደች ቁጥር እሱ ከግቢው በር ውጭ፣ እጅ ነሺው ላይ ቁጭ ብሎ፣ እንደ ተቀጣሪ ሾፌር ይጠብቃል።

አሁን ግን ወሯ ገብቷል። አንድ ጧት ያበጡ እግሮቿን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ "ስማ" አለችው። "ይሄ ልጅ ሲወለድ አያቱ ግቢ ውስጥ፣ አባቱ ከግቢ ውጭ ሆነው እኔ ሕፃን ታቅፌ በበር ወዲያና ወዲህ አልመላለስም። ወይ ትታረቃላችሁ፣ ወይ ሁለታችሁም በአጥር ቀዳዳ ታዩታላችሁ።"

"ምን ላድርግ ታዲያ? ሰላም ስላቸው ሰላምታዬን ለግድግዳው ነው የሚያስተላልፉት።"

"እሱን አንተ ታውቃለህ።"

በሳምንቱ ጎማ ገዝቶ መጣ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ባለ ሽቦ፣ ሃያ አንድ ኢንች ነው። ከተጋጨ የገጠር ሞተር ላይ የተፈታ ነው። ያገለገለ ዕቃ ሻጩ "ሞተሩ አልፎበታል፤ ጎማው ግን ምንም አያውቅም" ብሎ ምሎለታል። ፀጉር አስተካካዩ በመሐላ አልተታለለም። ጎማውን በዱላ አንጠልጥሎ አሾረው፤ ጠማማ አቆራረጥ እንደሚፈልግ ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጠርዙን ተከተለ። ከዚያ ከኪሱ ማበጠሪያ አውጥቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መታ መታ እያደረገ ድምፃቸውን ሰማ። የላላ አላገኘም። አዲስ ጎማ ለመግዛት ቢያስብ መጀመሪያ ሞተሩን መሸጥ ነበረበት።

በጎማው መሐል ያሉትን ኩሽኔታዎች አውጥቶ ለራሱ ሞተር ፔርኖ፣ ማለትም ጎማው ለሚሽከረከርበት ዘንግ፣ በሚሆኑ ለወጠ። የፍሬኑ ዲስክ በዕድል ገጠመ። የጭቃ መከላከያውን፣ ፓራፋንጎውን፣ ከፍ አድርጎ መልሶ አሰረ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቀጭኑ ጎማ መሐል ከሞተሩ የፊት እግሮች ስፋት ይጠባል። በግራና በቀኝ ጎማውን መሐል ላይ የሚይዙ ሁለት የብረት ቀለበቶች ያስፈልጋሉ። ያን የሚሠራው ደግሞ ቶርኖ ነው።

"ከተማው ውስጥ ስንት ቶርኖ አለ!" አለች ሚስቱ ዓይኗን አጥብባ።

"ውድ ናቸው። ቀለበቱ ከጎማው ሊበልጥ ነው እንዴ? አባትሽ ይሻላሉ፤ ቤተሰብ ናቸው።"

"ዛሬ ቤተሰብ ሆኑ?"

"ለቁጠባ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምን አለኝ።"

"እሺ፣ ቆጣቢው" አለችና ሳቋን ዋጠችው።

አማትየው "ለብረቱ ስል ነው፤ ለሰውዬው እንዳይመስለው" ብለው ተቀበሉ። ሞተሩ ግን ከበር ውጭ ይቆማል። ስለዚህ እጅ ነሺው ሳጥን ላይ አገጩን አስደግፎ ያለ ፊት ጎማ መንገድ ዳር ተጋደመ፤ አማትየው ጓሮ ውስጥ ቶርኗቸው ፊት ቆሙ፤ ሚስትየዋ ሆዷን አስቀድማ በሁለቱ መካከል ትመላለስ ጀመር።

"ስፋቱ ስንት ነው በይው" አሉ አማትየው።

መልሱ በማበጠሪያ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ክፍተቱን በማበጠሪያው ለክቶ ጥርሶቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጓል። አማትየው ማበጠሪያውን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት ያዙት። "በዚህ ነው የምቀርጸው? በቅማል ማውጫ?"

"ካሊፐርዎን ይስጡትና በትክክል ይለካ አባባ" አለች ልጃቸው።

"ካሊፐሬን ለመቀስ ሠራተኛ? አልሰጥም!" አሉና ቀለበቶቹን ቀረጹ።

ቀለበቶቹ ገቡ። ፀጉር አስተካካዩ ጎማውን አሾረው፤ ዲስኩ ፍሬኑን እየነካ ተንጫጫ። "ጎማው ወደ ቀኝ ተገፍቷል። ከግራው ቀለበት ትንሽ ይነሳለት በያቸው።"

"ትንሽ ስንት ነው ይላሉ" ብላ ተመለሰች።

"እ... እንደ ቅንድብ ፀጉር።"

"ብረት ምን ቅንድብ አለው!" የሚለው ጩኸት መልእክተኛም ሳያስፈልገው አጥሩን ዘሎ መጣ። ቢሆንም ላጩለት። ጎማው አሁን ወደ ግራ አደላ። ከቀኙ ትንሽ። አሁን ወደ ቀኝ። ከግራው ትንሽ። አማትየው ወጥተው በዓይናቸው ቢያዩት ነገሩ ባንድ ጊዜ ያልቅ ነበር፤ ግን በሩን ማለፍ ወደ አማችየው መሄድ ነው። ይልቅ ብረቱን መላጨት ቀለላቸው። "ሺህ ለክተህ አንዴ ቁረጥ" እያሉ ስንቱን ያስተማሩ ሰውዬ አንዴም ሳይለኩ ሺህ ጊዜ ላጩ።

ሚስትየዋ በመጨረሻ በሩ መሐል ላይ፣ ግማሿ ውስጥ ግማሿ ውጭ ሆና፣ ሌላ ሣጥን ስባ ተቀመጠች። "እኔ አበቃሁ። ከዚህ በኋላ ቃል ያለው ራሱ ያጓጉዝ።"

ፀጉር አስተካካዩ የመጨረሻዎቹን ቀለበቶች አስገብቶ ፔርኖውን አጠበቀ። ጎማው ልክ መሐል ላይ ቆመ። ደስ ብሎት በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው። ቀጭ። ከወዲያ ነካው። ቀጭ። ቀለበቶቹ ተልጠው ተልጠው የሚይዙት ጠፍቷል፤ ጎማው በሰፊ ጫማ ውስጥ እንዳለ እግር ወዲያና ወዲህ ይላል።

ይህን ነገር ከዚህ በፊት የት እንዳየው ወዲያው አወቀ። "ተበላሸ" ቢል አማቱን ለሁለተኛ ጊዜ ያዋረዳቸው እሱ ሊሆን ነው። ዝም ብሎ ቢነዳው ደግሞ ነገ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ልጁን ሳያየው ሊቀር ነው።

መወሰን አላስፈለገውም። ቀጭታው ጓሮ ደርሶ ነበር፤ የቶርኖ ሰው ጆሮ ደግሞ የላላ ብረት ሰምቶ አይተኛም። አማትየው ልጃቸውን በጎን አልፈው፣ በሩን ተሻግረው፣ ጎማው ፊት ተንበረከኩ። ገፉት። ቀጭ። ቀለበቶቹን አስፈትተው በካሊፐር ለኩ። እንደገና ለኩ።

"'ትንሽ' ያልኩት እኔ ነኝ አባባ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

አማትየው ቀና አላሉም። "ከግራ ትንሽ... ከቀኝ ትንሽ..." ጣታቸው ሳያውቁት ሪዛቸው ላይ ወጣች። "ያን ዕለትም እንዲህ ነበር?"

"ልክ እንዲህ ነበር።"

"ታዲያ ለምን በጊዜ አልተውከውም?"

"እርስዎስ?"

ቃሉ ከአፉ አምልጦ ነው። ሚስቱ ሣጥኑ ላይ ዓይኗን ጨፈነች። የሽማግሌው ትከሻ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ በኃይል ተንቀጠቀጠ። የሚያስሉ መሰለው። እየሳቁ ነበር።

"ሪዝስ ይበቅላል" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፤ "ብረት ነው እንጂ የማይበቅለው። ግባ እንግዲህ! ካሊፐሩን አንተ ያዝ። ግን ቁጥር ነው የምትነግረኝ፤ ቅንድብ ብትለኝ ውርድ ከራሴ!"

ገባ። ጓሮውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው፤ የዘይት ሽታውን፣ የተጠቀለለ የብረት ልጣጩን፣ እንደ ፀጉር ቤቱ ወለል በየማዕዘኑ የተጠረገውን ክምር። አንዱ ለካ፣ ሌላው ቀረጸ። አዲሶቹ ቀለበቶች ሲገቡ ጎማው ዝም አለ።

እጅ ነሺው ከሳጥኑ ሲወርድ አንገቱ ቀና ብሎ ነበር። ችግሩ፣ ፊቱ ከፍ ስላለ የጎን ማቆሚያው አጠረና እንደ ሰካራም አጥሩ ላይ ሊተኛ ዘመመ።

"ቀና አለ ስል ሊጋደም?" አለች ሚስትየዋ።

አማትየው የተበላሹትን ሁለት ቀለበቶች ከመሬት አንስተው ደራርበው ማቆሚያው ሥር በየዷቸው። ሞተሩ ቆመ። "የተበላሸ ነገር ቦታ ይፈለግለታል እንጂ አይጣልም" አሉ።

"አማችም እንደዚያው ነው" አለች ልጃቸው።

ፀጉር አስተካካዩ በሩ ፊት ያለውን ትልቁን ጉድጓድ ተሻግሮ ተመለሰ። ሞተሩ እንደ ጨዋ ሰው ረገጥ አድርጎ አለፈው፤ ሊስቁ የወጡት ጎረቤቶች ቅር ብሏቸው ገቡ።

"ቅዳሜ እመጣለሁ" አሉ አማትየው ከበሩ ላይ። "ፀጉሬ አድጓል።"

"ደስ ይለኛል አባባ። ሪዝዎንስ?"

አማትየው ልክ እንደ ሠርጉ ፎቶ፣ በመዳፋቸው አፋቸውን ጥርቅም አድርገው ያዙ።