ባለቁልፏ

ክፍሉን ለልብስ ሰፊዋ ሰጧት። እኔ መጠለያው ውስጥ አሥራ አራት ወር ተኝቻለሁ። እሷ አምስት ወሯ ነው።

ክፍሉን አውቀዋለሁ። ከመጠለያው ሁለት መንገድ አልፎ ካለው ፎቅ ላይ ነው፤ ከኛ መሃል ተራ የደረሳት ሴት የምትገባበት። የመጠለያው ኃላፊ መስኮት የሚወለውል ሰው ስትፈልግ ዘልዬ እኔ አልኩ። አንድ አልጋ፣ አንድ የሚታጠፍ ፍራሽ፣ ትንሽ ምድጃ፣ የራሱ ሽንት ቤት። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። መስኮቱን ሦስቴ ወለወልኩት። ፍራሹ የት እንደሚዘረጋ፣ የልጄ ቦርሳ የት እንደሚሰቀል ሳይቀር ወስኜ ነው የወጣሁት።

መጠለያው ልጅ አያሳድርም። አዳራሽ ነው፤ አሥራ ሁለት አልጋ፣ በየመሃሉ መጋረጃ። ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥተን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እንገባለን። ልጄ እህቴ ጋ ናት። የእህቴ ባል ሰሞኑን "እስከ መቼ ነው?" ማለት ጀምሯል። እሁድ እሁድ መናፈሻ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ፀጉሯን እሠራታለሁ። ዝናብ ከመጣ የባንክ በረንዳ አለ።

ልጅ እንዳለኝ የምታውቀው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት። አልጋችን ጎን ለጎን ነው። የልጄን ዩኒፎርም በመርፌ ስጠቅም አየችኝና "አምጪው፣ እንዲህ ተደርጎ አይጠቀምም" ብላ ነጠቀችኝ።

ለመጠለያው ሰዎች ግን አልተናገርኩም። ስገባ ሶሻል ወርከሯ ሃያ ጥያቄ ጠይቃኛለች። ያምሻል? አያመኝም። እንቅልፍ ይወስድሻል? እንዴት አድርጎ። ልጅ አለሽ? የለኝም። መንገድ ላይ ሳለሁ፣ ልጅ አለኝ ያለች ሴት ልጇን ወሰዱባት ሲባል ሰምቼ ነበር። ደግሞ ክፍል የሚሰጡት ለጠንካራዋ መስሎኝ። አልጋዋን ለምታነጥፈው፣ ለማታስቸግራቸው። ሴቶቹ "ወይዘሮ ደህና" ብለው ስም አውጥተውልኛል።

ልብስ ሰፊዋ የመጣች ቀን እንኳን መክሬያታለሁ። "ሁሉንም ደህና ነኝ በያቸው፣ እንዳታለቅሺ" ብያት ገባች። ስታለቅስ በሩ ድረስ ተሰማ። አንድ ሰዓት ሙሉ። አሁን ክፍሉ የሷ ነው።

ትናንት ጠዋት ልወጣ ስል ሶሻል ወርከሯ ጠራችኝ።

"እትዬ፣ ሥራሽ በልብስ ሰፊዋ በኩል አይደል? ቀድማሽ ወጥታለች፣ ስልኳም ከተሰበረ ሳምንቱ ነው። ይቺን ወረቀት ስጪልኝ። ክፍሉ ደርሷታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጥታ ካልፈረመች ግን ለተከታይዋ ይሰጣል።"

"ተከታይዋ ማናት?"

"እሱን እንኳን አልነግርሽም" አለችና ፈገግ አለች።

ፈገግታዋን 'አንቺ ነሽ' ማለቷ ነው ብዬ ለራሴ አደረግኩት። በልብስ ሰፊዋ ሱቅ በር ላይ አለፍኩ። አልቆምኩም።

ሥራዬ የሆስፒታል አንሶላ ማጠፍ ነው። ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፍ ይዘን እንጎትታለን። ጓደኛዬ አየት አደረገችኝ።

"ምን ሆነሻል?"

"ደህና ነኝ።"

"አንሶላው ግን ደህና አይደለም። ወደ አንቺ ተጣሟል።"

እንደገና ዘረጋነው። ወረቀቱ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። በጎነበስኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። እኔም ልቤ ውስጥ እሷን መዘርዘር ያዝኩ። የስፌት መኪና አላት። ስትስቅ ጥርሷ ያምራል፣ ኃላፊዋ እንኳ ከሷ ጋር ስትሆን ትስቃለች። ልጅ የላትም። ያን ፍራሽ ምን ልታደርግበት ነው? ጨርቅ ልትከምርበት። የልጄ ቦርሳ የሚሰቀልበት ሚስማር ላይ መቀሷን ልታንጠለጥል።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ። ስምንት ተኩል ላይ ለእረፍት ወጣሁና ወደ ሱቋ ሄድኩ። ወረቀቱን ልሰጣት አልነበረም። ምንም ሳታውቅ ቁጭ ብላ ስትሰፋ ላያት ነበር። እውነቱ ይሄው ነው።

ሱቅ እንላለን እንጂ ደረጃ ሥር ናት። ጎኗ ጫማ ሠሪ አለ። ቀና ሳትል አወቀችኝ።

"መጣሽ? ተቀመጪ። የልጅሽን ጨርሼዋለሁ። እጅጌውን ለቀቅኩት፣ ወገቡ ላይም ትርፍ ትቼበታለሁ። ለከርሞ ይሆናታል።"

ዩኒፎርሙን ዘረጋችው። ልክ ነው። ለልጄ ልክ ነው።

"አይተሻት አታውቂ። በምን ለካሻት?"

"በአንቺ። እሁድ ማታ በገባሽ ቁጥር 'እዚህ ደረሰች' እያልሽ እጅሽን ታሳይኝ የለ። ባለፈው ጡትሽ ጋ ነበር፣ አሁን ትከሻሽ ጋ ደርሷል።" ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ምነው ፊትሽ ጠቆረ?"

ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበችው። የጫማ ሠሪውን ሰዓት አየች፤ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ።

"መቼ ነው የሰጠችሽ?"

"ጠዋት።"

"መኪናዬን ጠብቂልኝ" ብላ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተጠመጠመ ሮጠች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ወልቆ ተመልሳ ስታነሳው አየሁ።

በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። የእረፍት ሰዓቴ አለቀ። መኪናዋን ጥዬ ብሄድ ሰው አንስቶት ይሄዳል። ብትዘገይ ብዬ ተመኘሁ። ትድረስ ብዬም ተመኘሁ። ጫማ ሠሪው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"አዲሷ ሰፊ ነሽ?"

"ዘበኛ ነኝ።"

"ታዲያ ፈገግ በያ፣ ደንበኛ ታባርሪያለሽ።"

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል መጣች። በላብ ርሳለች። ቁልፉን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝ፤ አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል። ፊቴን አዞርኩ።

"እንኳን ደስ አለሽ" አልኩ። እንደ ደረቅ ዳቦ ነው የወጣው።

"ቀኑን ሙሉ ኪስሽ ነበር?"

"አዎ።"

በርጩማዋን ለቀቅኩላት። ተቀመጠችና መርፌው ላይ ክር ማስገባት ጀመረች። ሁለቴ ሳተችው።

"እኔ ብሆን እቀደው ነበር" አለች። "አንቺ ግን እንዳትለምጂው።"

"ያን ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ብለሽ ነው ያለቀስሽላቸው?"

"የጠየቁኝን ነገርኳቸው። ያላየሁት መከራ የለም፣ እሱን ሁሉ ነገርኳቸው። አንቺ ምን አልሻቸው?"

ዩኒፎርሙን ጠቅልዬ ብብቴ ሥር አስገባሁና ሄድኩ። አለቃዬ ከአንድ ሰዓት በላይ የት ነበርሽ ብሎ ጮኸብኝ። ደህና ነኝ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ተውኩት።

ማታ አልጋዋ ባዶ ነበር። አንሶላውን አጥፋ ትታዋለች፤ ግን ታጠፈ የሚባል አይደለም፣ ጫፍና ጫፉ አልተገናኘም። መልሼ አጠፍኩት።

ዛሬ ጠዋት ሁሉም ሲወጡ ዩኒፎርሙን ብብቴ ሥር ይዤ ሶሻል ወርከሯ ቢሮ ገባሁ።

"ትናንት ብትቀር ኖሮ፣ ተከታይዋ እኔ ነበርኩ?"

"የሌላ ሰው ተራ አልነግርሽም።"

"የራሴን ንገሪኛ።"

ማህደሬን አወጣች። ገለጠችው። ቀና ብላ አየችኝ፣ ተሳቀቀች።

"ትናንት አሥራ ሁለተኛ ነበርሽ፣ እትዬ። ከአሥራ ሁለት። እኛ የምንሄደው በመልሱ ነው፤ የባሰባት ትቀድማለች። አንቺ ደግሞ ምንም የለብሽም። ሃያውንም ደህና ብለሻል።"

ለመጨረሻዋ ተራ ነበር ለካ ያን ሁሉ ቀን የተቃጠልኩት።

"ልጅ አለኝ ያለችውን፣ ልጇን ትወስዱባታላችሁ?"

"ማነው እንዲህ ያለሽ? ልጅ ያላት እኮ ነው የምትቀድመው። እዚያው ፎቅ ላይ ያለው ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ለማን የተሠራ መሰለሽ?"

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ዩኒፎርሙን ከብብቴ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት።

"ሰባተኛውን ጥያቄ እንደገና ጠይቂኝ" አልኳት።

እስክሪብቶዋን አነሳች።

"ልጅ አለሽ?"

"አለችኝ" አልኩና እጄን ትከሻዬ ጋ አደረግኩ። "አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እዚህ ደርሳለች።"