ዘጠና ሰባት ዲግሪ በፌርፋክስ

ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የነካሁት። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት።

ጋሼ ነጋሽ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ፣ አሁን ፌርፋክስ ላይ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል የሠርግ ቪዲዮ ይሠራል። ኮምፒዩተሩን ከባዶ የገጣጠምኩለት እኔ ነኝ። ኮሌጅ አልገባሁም፤ ኮሌጅ የገቡት ያበላሹትን ሳስተካክል ነው የምውለው።

በነካሁት ማግስት ጠዋት ጋሼ ቪዲዮዋን የሚሠራላት ሶሊያና ልታገባ ነበር። እናቷ እትዬ ለተማርያም ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከልክለው ደብረ ብርሃን ቀርተዋል። የእሳቸው ኔትዎርክ ደካማ ስለሆነ፣ ከቤተክርስቲያን የሚመጣውን ምስል ጨምቆ የሚልክላቸው ይህ ኮምፒዩተር ነው። ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት። ይህ ቀን ካለፈ አለፈ።

ጋሼ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ለማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ነገር ለሚሰካበት ለዋናው ሰሌዳ፣ አዲስ ባዮስ መውጣቱን አየሁ። ባዮስ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው ፕሮግራም ነው። ለሠርጉ በአዲስ ይዋል ብዬ አፕዴት አደረግኩት። አምስት ደቂቃ። ተነሳ። "ጎበዝ" አልኩ፤ ራሴን ነው።

ከዚያ የነገውን ሥራ ለሙከራ ለቀቅኩበት። ማራገቢያው ጮኸ። የፕሮሰሰሩ ሙቀት ሰባ፣ ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና ሰባት። ቮልቴጁ 1.45፤ ከሚገባው በላይ። ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ።

ጋሼ ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ ገባ። "ምንድን ነው ይሄ ጩኸት? ኤርፖርት ነው እንዴ?"

"ኖርማል ነው።"

ስክሪኑን አየ። "ዘጠና ሰባት? ታዲያ? ግሌንዴል ከተማም ዛሬ ሙቀቱ ዘጠና ሰባት ነው።"

"ያ በፋራናይት ነው ጋሼ። ይሄ በሴልሺየስ ነው። ውሃ መቶ ላይ ይፈላል።"

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "ምን አደረግሽው ሐሌታ?"

ነገርኩት። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "እትዬ ለተማርያም ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተዋል" አለ ብቻ።

ወደ ድሮው ባዮስ ልመልሰው ሞከርኩ፤ ቦርዱ እምቢ አለ። ያኔ ገባኝ። አፕዴቱ የድሮውን ሴቲንግ አጥፍቶ፣ ቦርዱ የፈለገውን ያህል ቮልቴጅ እንዲሰጥ ለቆታል። አምና ይህንኑ ፕሮሰሰር ለማብረድ ቮልቴጁን በእጄ የወሰንኩለት እኔው ነበርኩ። ስንት ላይ? አልጻፍኩትም። የሚጽፉት ጭንቅላት የሌላቸው ናቸው እል ነበር። በግምት 1.15 ሰጠሁት፤ አንሶት ኖሮ ሙከራው ሲጀምር ስክሪኑ ጠቆረ። ጥቁሩ ውስጥ የራሴን ፊት አየሁ። ገደልኩት አልኩ። ሁለተኛ ስሞክር ተነሳ።

"አምና መቼ ነበር የነካሽው?" አለ ጋሼ።

"ምን ያደርግልሃል?"

"መልሺልኛ!"

"ከፋሲካ በፊት።"

ከመሳቢያው ደብተር አወጣ። የታክሲ ልማዱ ነው፤ ማንን ከየት ጭኖ የት እንዳወረደ ከነሰዓቱ ይጽፍ ነበር። አሁንም እኔ በመጣሁ ቁጥር ያጉረመረምኩትን ይጽፋል። ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። ጣቱ ገጹን ወርዶ ወርዶ አንድ መስመር ላይ ቆመ፤ አነበበው፦

"ማርች 28፣ 2:40። ሐሌታ መጣች። ቮልት 1.22 አለች። ሙቀት 71። ተሳደበች።"

1.22 አስገባሁ። ሙከራውን ለቀቅኩ። ሰማንያ... ሰባ ስድስት... ሰባ ሁለት። እዚያው ረጋ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን፤ ሁለታችንም አልተቀመጥንም። ዘጠና ሰባቱ ውስጡን ምን አድርጎት እንዳለፈ ግን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ያንን ፍርሃት ይዤው ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ እዚያችው ክፍል ኮምፒዩተሩ ፊት ሆነን፣ ሰው ሁሉ ሶሊያናን ሲያይ እኔ ቁጥሩን አየሁ። ሰባ አንድ፣ ሰባ ሦስት፣ አንዴ ሰባ ዘጠኝ። ተመልሶ ወረደ። ዘውድ ሲደፋላት አላየሁም፤ ከደብረ ብርሃን በኩል በድምፅ ማጉያው እልልታው ሲፈነዳ ነው ያወቅኩት። ከመሃሉ የአንዲት ሴት ልቅሶ ይሰማል።

"አየሻት? እንዴት አምራለች!" አለ ጋሼ ዓይኑን እየጠረገ።

"ሰባ ሁለት" አልኩት።

ደብተሩን ወደ እሱ ገፋሁለት። "ጻፍ። 1.22። ሳትጠይቅ ነካች ብለህም ጨምርበት።"

"እሱንማ" አለ "ትናንት ጽፌዋለሁ።"